አሲሚና ማሞገስ የፈራችበት ፈተና

በግሪክ አገር በካሊምኖስ ደሴት እንደ አሲሚና ያለ ፈሪ ተፈልጎ አይገኝም። ነፋስ ሲነሳ ትፈራለች፤ ነፋስ ጸጥ ሲል ምን ሊመጣ ነው ብላ የባሰ ትፈራለች። ባሏ ባሕር በሚወርድበት ዘመን ሲሄድ ታለቅስ ነበር፤ በሰላም ሲመለስም ይህን ያህል ደስታ ለደግ አይሆንም ብላ ታለቅስ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያንቀጠቅጣት ግን የሰው ዓይን ነው። ለእሷ ሙገሳ ማለት የተሳለ ቢላ ነው፤ "እንትፍ እንትፍ" ካልተባለበት አንድ ነገር ሳይቆርጥ አይመለስም። አንዲት ጎረቤት የሎሚ ዛፏን "እንዴት ያምራል" ብላ ሳትተፋ አለፈች፤ ዛፉ በሳምንቱ ደረቀ። ውሃ የሚያጠጣው አልነበረም የሚሉ ምቀኞች አሉ።

እንግሊዝኛ የመጣው እንግዲህ በእንዲህ ያለች ሴት ላይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቁርስ ስታቀርብ የኖረችበትን ሆቴል አዲስ ሰው ገዛው። ከፋሲካ በፊት የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ያላለፈ ሠራተኛ በበጋው እንዳይደርስብኝ አለ። ባሏ ጉልበቱን ታሞ ቤት ውሏል። ሥራው ከሄደ የሚበላ የለም።

ሠራተኞቹን የምታስተምረው ኡራኒያ የምትባል ወጣት ነበረች። ትምህርቱ ማወዳደር ላይ እስኪደርስ ድረስ ደህና ሄደ። ቃሉ አጭር ከሆነ ጭራው ላይ "ኧር" ቀጥሉ፣ ከሁሉ ይበልጣል ለማለት "ኧስት"፤ ረጅም ከሆነ ከፊቱ "ሞር" ወይም "ሞስት" አስቀድሙ አለቻቸው። አሲሚና ይህን ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ ያዘችው። መከራው ምሳሌው ላይ ነበር። ስለ ቤተሰባችሁ ተናገሩ ሲባል ሌላው ሁሉ ልጄ ከሁሉ ትረዝማለች፣ ባሌ ከሁሉ ይበረታል ሲል እሷ ለሰዎቹ ነፍስ ታማትብ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ባሏን የደሴቱ አንደኛ ሰነፍ፣ ልጇን የደሴቱ አንደኛ መልከ ጥፉ አድርጋቸው ቁጭ።

"እትዬ አሲሚና፣ እንግሊዝኛዎ እንከን የለውም" አለቻት ኡራኒያ። አሲሚና ቶሎ ብላ ጉያዋ ውስጥ ተፋች። "ፈታኟ ግን አንድ ደግ ቃል መስማት ትፈልጋለች። እባክዎ ከዘመዶችዎ ለአንዱ እንኳ ይራሩለት።"

"አንቺ ልጅ የለሽም፤ አይገባሽም።"

እውነቷን ነበር። አሲሚና ቤት በቅርቡ የተወለደች የልጅ ልጅ አለች፤ ክርስትና ስላልተነሳች ስም እንኳ የላትም፣ ሁሉም "ሕፃኗ" ነው የሚላት። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ በር እንደሌለው ቤት ነው፤ ዓይን ሳያንኳኳ ይገባል። ሕፃኗ ደግሞ፣ እንትፍ እንትፍ፣ ቆንጆ ነበረች።

የፈተናው ቀን አሲሚና ብቻዬን አልሄድም ስላለች የሕፃኗ እናት ልጇ ፖሊክሴኒ ደግፋ ወሰደቻት። በአንድ እጇ እናቷን ይዛ በሌላው የሕፃኗን ጋሪ ትገፋለች። የሕፃኗ ልብስ ላይ ከዓይን የሚጠብቅ ሰማያዊ ዶቃ፣ ትራሷ ሥር ነጭ ሽንኩርት አለ። ፈታኟ ሚስስ ታፕሎ ከእንግሊዝ የመጣች ገራም ሴት ናት፤ ዓይኖቿ ግን ሰማያዊ ናቸው። ከሰማያዊ ዓይን የሚብስ እንደሌለ ደግሞ የካሊምኖስ ድመት እንኳ ያውቃል።

አዳራሹ ውስጥ አሲሚና ባሏን አዋረደች፣ ቤቷን አጠበበች፣ ፍየሏን ከፍየል ሁሉ ደደብ አደረገቻት። አንድም ስህተት የለም። ሚስስ ታፕሎ አዝና መሐረብ አወጣች። በቤትሽ አንድ እንኳ ደግ ነገር የለም ወይ ስትል በለሆሳስ ጠየቀቻት።

አሲሚና መልሱ በሩ ላይ ጋሪ ውስጥ እንደተኛ ታውቃለች። ብትናገር ሕፃኗን ልታጣ ነው፤ ዝም ብትል ሥራዋን። ጠረጴዛው ሥር ደብቃ አማተበች።

"የልጅ ልጄ" አለች በመጨረሻ፣ "ከደሴቱ ሕፃናት ሁሉ አስቀያሚዋ ናት።"

ሚስስ ታፕሎ ብዕሯን አስቀመጠች። "በሩ ላይ ያየኋት? ኧረ እሷስ በዕድሜዬ ካየኋቸው ሁሉ ውቧ ናት።"

አልተፋችም።

አሲሚና ወንበሩን ገልብጣ ወጣች። ሕፃኗ አዛጋች። ዓይን የነካው ያዛጋል። ሁለተኛ አዛጋች። ዓይኑን ማንሳት የሚችል የዓይኑ ባለቤት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተመልሳ ፈታኟን በክንዷ ጎትታ ጋሪው አጠገብ አቆመቻትና ትፊባት አለቻት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ለመሳም እንደሚደረገው ከንፈሯን አሞጠሞጠች።

"ኒረር" አለች አሲሚና። ሴትዮዋ ጠጋ አለች። "ሎወር።" ጎንበስ አለች። "ሃርደር፣ ጠንከር አድርገሽ። ዌተር፣ ምራቁ ይብዛ። ሞር ኬርፉል፣ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቂ።"

ሚስስ ታፕሎ እንደታዘዘችው ሦስቴ ተፋች፤ ሦስተኛው እንዲያውም የአገሬውን ያስንቃል። አገጯን ጠርጋ በዚህች ደሴት ማወዳደርን እንዲህ ጥርት አድርጎ የተናገረ ሰው አላየሁም፣ አልፈሻል አለች። አሲሚና ግን ጋሪው ላይ ተደፍታ የሕፃኗን ትንፋሽ ታዳምጥ ነበር፤ ተኝታለች ወይስ ተዝለፍልፋለች?

"እማዬ" አለች ፖሊክሴኒ፣ "አልፈሻል እኮ ነው የምትልሽ። ሥራሽ ተረፈ።"

"ቀስ በይ" አለች አሲሚና ቀና ሳትል። "ሰው ይሰማል።"