ከስልክ የተገለበጠ የሕይወት ታሪክ

በየካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ቀብሩ ላይ የማነበው እኔ ነበርኩ።

ኢንተርኔት በየልጁ ኪስ በገባበት ሰሞን ጎረቤቴ አረፈ። ዕድሜውን የእንጦጦን ደን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። እንደ ወጉ ለቅሶ ቤት ሄጄ ባለቤቱን መጠየቅ ነበረብኝ። ዳገቱን ሳየው ግን ጉልበቴ አመመኝ፤ ጉልበቴ የሚያመኝ ሥራ ሲኖር ነው።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ስልኳን እየነካካች፣ «አባባ፣ ምን ያለፋሃል? ሰርች ላድርገው፤ ሞልቷል» አለች።

«የሱ ታሪክ?»

«የሰው ታሪክ ያው ነው እኮ! ስሙን እንቀይራለን።»

ገለበጥነው። ቀብሩ ላይ፣ «በትርፍ ጊዜያቸው መጻሕፍት ማንበብ የሚወዱ…» ስል ለቀስተኛው ተያየ። ሟቹ ፊደል አልቆጠረም፤ የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነበር። ባለቤቱ ለቅሷቸውን አቁመው አፈጠጡብኝ። እኔ ጅሉ መነጽሬን አስተካክዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

በሠልስቱ የልጅ ልጄን ይዤ ለይቅርታ ሄድኩ።

«ጸሐፊው፣ ያ የቀበራችሁት ሰውዬ ማን ነው?» አሉኝ ባለቤቱ። «ለኔ ባልስ ማን ይናገርለት?»

«እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ልጅቷ አቀርቅራ።

በስልኩ ላላክክ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እኔም ስንፍና በያዘኝ ቁጥር ካሮጌ ደብተሬ ስም እየቀየርኩ ሳነብ ኖሬያለሁ። ልዩነታችን፣ እኔ መስረቄን አውቅ ነበር፤ እሷ ግን መልስ ከተገኘ የሚጠየቅ ሰው የቀረ አልመሰላትም።

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «እንዴት ተዋወቃችሁ?» አለቻቸው።

«ቅጠል ተሸክሜ ስወርድ ያዘኝ። ገመዴን ቀማኝ። በማግስቱ ቤት ድረስ አምጥቶ መለሰልኝ።»

«ሲመልስ ምን አለዎት?»

ዝም አሉ። እኔ ብሆን ይኼኔ ወደ ሌላ ጥያቄ አልፌያለሁ። ልጅቷ ጠበቀች።

«‹ነገ በላይኛው መንገድ ሂጂ፤ እኔ የምጠብቀው የታችኛውን ነው› አለኝ» አሉና ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። አብረናቸው አለቀስን።

በአርባው የልጅ ልጄ የጻፈችው ተነበበ። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ሲያልቅ ባለቤቱ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ «እሱ ነው» አሉ።