ማኅተም የተመታበት ቶከን

ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንድ ቀን የምጽፈውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ኮድ የማስቀምጥበት ድረ ገጽ የገዛ ፓስወርዴን አልቀበልም፣ ቶከን አምጣ አለኝ። ቶከን በፓስወርድ ፈንታ የሚሰጥ ረጅም የፊደልና የቁጥር ተርታ ነው። አንዴ ብቻ ስለሚታይ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት።

ሻወር ወስጄ ስወጣ ወረቀቱ የለም። ማታ ሾፌሩ ይዞት ተመለሰ፤ ለካ ወስዶ፣ አምስት ኮፒ አስደርጎ፣ ላሚኔት አሠርቶ፣ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም አስመትቶበታል።

«ማኅተም የሌለው ወረቀት የት ያልፋል፣ ወንድሜ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። አገር ያየው ምስጢር ምኑን ምስጢር ነው! ቶከኑን ወዲያው ከድረ ገጹ ሰረዝኩት። አዲስ ሳወጣ ደግሞ ድረ ገጹ «ፈቃድ ይጎድለዋል» አለኝ።

በሳምንቱ ሾፌሩ ከመንገድ ደወለ።

«ያን ወረቀትህን ኬላ ላይ አሳየኋቸው» አለኝ፤ «ሰላምታ ሰጥተው አሳለፉኝ።»