ከጋሪው በታች

ርግበ የባሏን ቦታ ስትጠይቅ የአስመራ ገበያ ተሸካሚዎች ሳቁባት። በእነሱ ልማድ ቁልቁለት ላይ ብርቱ የተባለው ሰው ከጭነቱ በታች ቆሞ ይደግፋል፤ ክብር ነው። ባሏ ጠዓመ የሁሉም ብርቱ ነበርና አንድ ቀን የተጫነ ጋሪ ተንዶበት ወገቡ ተሰበረ። ሓዝሓዝ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ከተኛ ከርሟል። ጎረቤት እስከ መቼ ያበላል? ርግበ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የተሸካሚዎቹ አለቃ ሀብተማርያም ፊት ቆመች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ የተረተባትም አልጠፋም። ተረት እንጀራ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች አንድ ቀን ባልተራቡ።

አሮጌ ብረት እየታደሰ ከሚሸጥበት ከመደበር ገበያ ሄዳ ጋሪ መረጠች። ሻጩ አዲስ ቀለም የተቀባውን፣ መንኮራኩሩ ብረት የሆነውን ሊያስይዛት ደከመ። እሷ እሱንና አንድ የዛገ ባለ ጎማ ጋሪ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ገፋ ገፋ አድርጋ አየቻቸው። የተቀባው እስከ ጥርሷ ነዘራት፤ ባለ ጎማው ዝም ብሎ ሄደ። ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጭነቱ የሚያርፍበትን ብረት ረገጠችው፤ አልተወላገደም። ዝገቱን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ሀብተማርያም ፈተና ሰጣት። መስታወት ያለው አርማድዮ፣ ቁም ሳጥን ማለት ነው፣ ከአናጺው ቤት ገጀረት ሰፈር ወዳለ አንድ መኮንን ቤት ታደርሳለች። መስታወቱ ደህና ከገባ ተራ ታገኛለች፤ ከተሰነጠቀ ሁለተኛ ገበያው ውስጥ እንዳትታይ። አለቃው ራሱ ሊያይ ተከተላት።

ርግበ መሳቢያዎቹን አወጣች፤ በሩን አሰረች፤ መስታወቱን በብርድ ልብስ ሸፍና ሳጥኑን ከጋሪው ጋር በገመድ ጠፈረችው። ሜዳውን በሰላም አለፈች። የመኮንኑ ግቢ ግን ቁልቁል ነው። ጋሪውን ወደ ራሷ አጋደለች፤ ጭነቱን ከፊቷ አስቀድማ፣ እሷ ከላይ ሆና መውረድ ጀመረች።

ሸክም የያዘ ሰው አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ሻምበል ጋሻው፣ የቤቱ ጌታ፣ ሴት ብቻዋን ስትታገል ቢያይ ኮቱን ጥሎ ሮጠና ከጭነቱ በታች ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ። ደግነትም እኮ ሰው ይገድላል። ርግበ ቀጥ አለች።

«ጌታዬ፣ ከታች ኣይቁሙ።»

ሻምበሉ ላግዝሽ ብዬ ነው አላት፤ ፈቀቅም አላለ። እንኳን ተሸካሚ ሴት፣ ወታደሮቹም እምቢ ብለውት አያውቁም። የሀብተማርያም ፊት ጠቆረ። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ መኮንን ማስቀየም መዘዙ ለገበያው ሁሉ ይተርፋል፤ ስለዚህ ዝም በይና ውረጂ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት። ርግበ ፈርታለች፣ ምን ይደበቃል። ግን ከፊቷ የቆመው ጠዓመ ሆነባት፤ ያው አቋቋም፣ ያው የተዘረጋ እጅ።

«ኣይፋልን፣ ኣይሆንም ጌታዬ። ባለቤቴ እንዲህ ቆሞ ነው ወገቡ የተሰበረው። እርስዎ ካልወጡ እኔ ኣልንቀሳቀስም።»

ሻምበሉ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ጎን ወጣ። ሀብተማርያም ግን ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ከታች ሲያቆም የኖረው ሀብተማርያም ከርግበ ጎን፣ ከላይ በኩል መጣና የጋሪውን አንድ እጀታ ያዘ። መስታወቱ ደህና ገባ።

ቤት ስትደርስ ተራ ማግኘቷን ለጠዓመ ነገረችው። እሱ ግን ስለ ተራው አልጠየቀም።

«ከታች ማን ቆመ?» አላት።

«ማንም ኣልቆመም። ሀብተማርያም ራሱ ከላይ ከጎኔ ሆኖ ነው የያዘው።»

ጠዓመ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።