ፀሐይ የሞቀው እንጉዳይ

ጉደር ላይ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ከተማሪዎቼ ጋር በትምህርት ቤቱ ባዶ መጋዘን ውስጥ፣ እርጥብ የጤፍ ገለባ ላይ እንጉዳይ አበቀልን። የመጀመሪያው ሲደርስ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ድርሻዬን ይዤ «ሃርሜ»፣ እናቴ፣ ወደምላቸው አከራዬ ሄድኩ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ከዚያም ከሽሮ ሌላ አይበሉም። በዚያ ሳምንት ከገበያ ሲመለሱ ሁለት ጊዜ ደክሟቸው መንገድ ላይ ተቀምጠው ስላየኋቸው ሰግቼ ነበር።

«የጅብ ጥላ አመጣህልኝ? ልትቀብረኝ ነው?» አሉኝ።

«የዱር አይደለም ሃርሜ፣ እኛው ዘርተን ያበቀልነው ነው። ፕሮቲን አለው።»

«ፕሮቲኑን አንተ ብላው። ነገ በሕይወት ካገኘሁህ እቀምሳለሁ።»

እያዩኝ ጠብሼ በሰላጣ በላሁ። የሰላጣውን ጥቁር አረንጓዴ የውጭ ቅጠል ጓሮ ለታሰረው በግ ጥለው ነጣ ያለውን እምብርት ለእኔ አክብረው አቀረቡልኝ። ቫይታሚኑ የሚበዛው ብርሃን ባገኘው የውጭ ቅጠል ውስጥ መሆኑን ሳስረዳቸው «በጉ ነዋ የተማረው!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ደህና ነቃሁ። አከራዬ የሴት ልጃቸውን ጨቅላ እንደ ወትሮው ቅባት ቀብተው ግድግዳ ሥር የጠዋት ፀሐይ ያሞቁ ነበር። እኔም የተረፈውን እንጉዳይ ከትፌ በትሪ አጠገባቸው አሰጣሁ።

«ምነው፣ ሊደርቅ ነው?»

«ፀሐይ እንዲሞቅ ነው። የሕፃኑ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ይሠራል አይደል? እንጉዳይም ፀሐይ ሲያገኝ እንደዚያው ይሠራል።»

ይህን ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ያን ጠዋት ግን የራሴው ቃል አስደነገጠኝ። እንጉዳዩ ቅጠል የለው፣ ጨለማ ውስጥ ገለባ በልቶ ያደገ፤ ፀሐይን ገና ዛሬ ማየቱ ነው። ግን የአንድ ወር ልጅ ጀርባ የሚሠራውን ያውቃል። ማን ነገረው?

አከራዬ ልጁን በሆዱ አስተኙት። ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ትሪው ላይ ያለውን እንጉዳይ አንድ በአንድ ገለበጡት።

«የዚህም ጀርባው ይሙቀው» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሽንኩርትና በዘይት ጠበስኩላቸው። አንዷን አነሱ፣ አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ቆይተው ደገሙ።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ሥጋ ሥጋ ይላል። እርግጠኛ ነህ ለጾም ይሆናል?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ጨምርልኝ።»