ኮምፒውተሩን የገደለው ጠበሉ አልነበረም

ኮምፒውተሩን በጠበል አልገደልሁም። ገድላለች ብሎ በሰው ፊት የፈረደብኝ አለቃዬ፣ እውነቱ ሲወጣ በዚያው ሰው ፊት ቃሉን አላነሳልኝም። በደሌ ይኸ ነው፤ እንዲጻፍልኝ የምፈልገውም ይኸው ነው።

ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከአርብ ገበያ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣት መምህራን ሲያወሩ ሰማሁ። «ድሮ እዚህ ንፋስ መውጫ አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ጠበል ረጭታ ጭጭ አደረገችው አሉ» ይላል አንዱ፤ ሌላው ይስቃል። የልጅ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታ ስለነበር ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት እስክንወርድ ብቻ ነው።

ያኔ ወጣት ነበርሁ። ከስማዳ፣ ከወገዳ በላይ ካለ ቀበሌ፣ ልጄን አዝዬ መጥቼ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ተቀጠርሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያች ሥራ ሌላ የምንበላበት አልነበረንም። ኮምፒውተር ብርቅ ነበር፤ ያለን አንዱ ዳንቴል ለብሶ ይውላል፣ እሱ ካለበት ክፍል የሚገባ ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ይመስል። የጉና ብርድ ሹማምንቱን በካልሲ ሲያስሮጣቸው እያየሁ በልቤ እስቅ ነበር።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠበል በጠርሙስ ይዤ ገባሁ። ጸሐፊያችን ይርገዱ ራሷን ያማት ስለነበር «እስቲ ርጪኝ» አለችኝ። ከኮምፒውተሩ ክፍል በር ላይ አቁሜ ረጨኋት። በነጋው ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ፤ ጠበል መርጨቴም ከአለቃችን ጆሮ ደረሰ።

አለቃችን አቶ ደምሌ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ሰበሰበን፤ ሌባ እንደሚወጣበት እንደ አገር ቤቱ አውጫጭ። አንቱታዬን በጽሑፍ እነፍገዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ነፍጌው አላውቅም።

«ዘውዴ፣ ሚካኤል ደጅ ሄደሽ አልረጨሁም ብለሽ ማይ። አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ» አለኝ።

«አልረጨሁም ብዬ እንዴት እምላለሁ? ረጭቻለሁ። የረጨሁት ግን ይርገዱን ነው፣ ሳጥኑን አይደለም።»

ዘበኛው ጋሼ ውቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠበል ያድናል እንጂ ይገድላል? ምናልባት ሰይጣን ሰፍሮበት ኖሮ፣ ሲለቀው ይሆናል የሞተ።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ሬሳው ሳይታይ ገዳይ አይባልም» አልሁ። «ሳጥኑ ይከፈትና እዚህ ያለው ሁሉ ቆሞ ይይ።»

«ተከፍቶ ካልዳነ ቁልፍሽን አስረክበሽ ትሄጃለሽ።»

«ከዳነስ?»

ትቶኝ ወደ ቢሮው ገባ።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ከደብረ ታቦር ተጠራ። እስኪመጣ ድረስ ባልዲ ይዤ ሳልፍ «ዘውዴ መጣች፣ ሬዲዮኑን አንሱ» ይባባላሉ።

ተክሌ የሚባል ረጋ ያለ ሰው መጣ። እንደ ጠየቅሁት ሁሉም ቆመው ሳጥኑን ፈታው፤ አቧራው ብን አለ። ውስጡ ባለው ሰሌዳ ላይ የጣት ጫፍ የሚያህሉ፣ ጣሳ የሚመስሉ ነገሮች ተተክለዋል። የአንዷ አናት አብጦ ተሰንጥቋል፤ ከሥሯም ቡናማ ነገር ፈሷል።

አቶ ደምሌ ጎንበስ አለ። «ይኸው እርጥብ። ይኸው ጠበሏ።»

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ተክሌ ቀና ሳይል «ይኸ ከራሷ ከውስጧ የወጣ ነው፣ ጋሼ» አለ። «ካፓሲተር ትባላለች። ኤሌክትሪኩን አቁራ በልክ የምትሰጥ ናት። ስታረጅ ወይም አሠራሯ ክፉ ሲሆን እንዲህ ታብጣለች። የቀረው የሰሌዳው ክፍል ደረቅ ነው።»

«ሲነሳ እናያለን» አለ አቶ ደምሌ።

ተክሌ የመበየጃ ካውያውን አግሎ ያበጠችውን ነቀላት። ይዞት ከመጣ ሌላ የሞተ ሰሌዳ ላይ ቁጥሯ የሚገጥም አንዲት አወጣና ጎኗ ላይ ያለውን ነጭ መስመር ደጋግሞ አየ። ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።

«ተገልብጣ ከገባች ትፈነዳለች፣ እህቴ።»

መብራት በከተማችን እንደ ንፋሱ ነው፣ ሲያሻው ይመጣል ሲያሻው ይሄዳል፤ ካውያው ሳይጨርስ እንዳይጠፋ ሚካኤልን ለመንሁ። የቀለጠው ብረት ሽታ ክፍሉን ሞላው። ተክሌ ገመዱን ሰክቶ ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለም።

አቶ ደምሌ መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋ። ቁልፉን ከመቀነቴ መፍታት ጀመርሁ።

«ቆዩ» አለ ተክሌ። ውስጥ ያለ አንድ ገመድ ጠበቅ አድርጎ እንደገና ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፤ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ስክሪኑም በራ።

ሰው ሁሉ የተክሌን ትከሻ ይመታል። አቶ ደምሌ ይርገዱን ዳንቴሉን እንድትመልስ አዘዛት።

«እንደዚያን ቀን ይሰብስቡንና ይንገሩልኝ» አልሁት።

«ሥራሽ አለልሽ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

መጥረጊያዬን አነሳሁ። ልጄ መብላት ነበረባት።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከሚኒባሱ ስወርድ የልጅ ልጄን እጅ ይዤ በቀጥታ ወደ አቶ ደምሌ ቤት ሄድሁ። ጡረታ ወጥቷል፤ ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሰዎች ቂመኛ ይሉኛል። ቂም ቢሆን ኖሮ ተበቅዬ በወጣልኝ ነበር። ባሕር ዛፍ ሥር የተጣለብኝ ቃል ግን ከእኔ ቀድሞ በየመኪናው ይሳፈራል፤ እኔ ብሞትም እሱ አይሞትም።

«አቶ ደምሌ» አልሁት፣ «ከዚያ ክፍል ስንት ሰው ይገባል ይወጣል። ለምን እኔን አሉ?»

ልጅቱን አየ፤ እኔን አየ።

«ከበላይ ሲጠይቁኝ የአንድ ሰው ስም መጥራት ነበረብኝ» አለ። «ከሁሉም መልስ የማትሰጪኝ አንቺ መስለሽኝ ነበር።»