ሽማግሌ የተላከላት ቡና ለቃሚ

ሻሽቱን የማያውቅ ሰው «ቡና ለቃሚ ነበረች» ብሎ ሊያልፋት ይችላል። እኔ ግን በጃንሆይ ዘመን መቱ ከተማ፣ በነጋዴው በሰማን መጋዘን ሚዛን ላይ ስሠራ በዓይኔ ያየሁት ነገር ዛሬም ይገርመኛል።

መጋዘኑ ውስጥ ሴቶች ተደርድረው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ይለቅማሉ። አለቃቸው ሻሽቱ ናት። እጇ ከሌሎቹ እጅ አይፈጥንም። ግን የተኳረፉትን ሳያውቁት አራርቃ ታስቀምጣለች፤ ዓይኗ የደከመውን ወደ በሩ ብርሃን ታስጠጋለች፤ የሰለቻትን በኦሮምኛ ቀልድ እያሳቀች ታሠራለች። የአዲስ አበባው ቡና ገዢ የሰማንን ጆንያ ሳይፈታ ይረከብ ነበር። ሰማን ይህን ሁሉ የገዛ ስሙ በረከት ያደርገው ነበር፤ ምስኪን!

አንድ ቀን ዲሪቤ የምትባል ለቃሚ ያዘለችው ሕፃን በአቧራው ክፉኛ ሲያስል ሻሽቱ ሰማን ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ለልጆቹ አቧራ የማይደርስበት ጥግ ይስጡን።»

«ይሄ መጋዘን ነው እንጂ የአራስ ቤት አይደለም! ያልተመቻት ትሂድ፤ ለቃሚ እንደሆነ ሞልቷል» አላት።

«ቶሌ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ነጠላዋን አራግፋ ወጣች።

ከጎሬ መጥቶ ከገበያው ማዶ መጋዘን የከፈተ ነጋዴ እጅ ነስቶ ተቀበላት። ሴቶቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ጠዋት ጠዋት በሰማን ደጅ እየተሳሳቁ ያልፋሉ። እሱ የቀጠራቸው አዳዲሶቹ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ ጥቁሩም ፍሬ አብሮ ይታሸጋል። በመጨረሻ ገዢው ቡናውን ከነመኪናው መለሰው፤ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ከላክህ አንተዋወቅም» ሲልም በሾፌሩ ላከበት። ሰማን ያን ቀን ምሳውን አልቀመሰም። ያለዚያ ገዢ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

ሽማግሌ ላከ። ግን ወደ ማን? ወደ ሻሽቱ ባል ወደ ኩማ! ኩማ ከሚሠራው ቀፎ ቀና ብሎ፣ «አባቶቼ፣ እኔስ ብሆን እሷ ስትፈቅድልኝ አይደል የምወጣው? እሷኑ ጠይቁ እንጂ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ አፍረው በአንዲት ለቃሚ ፊት ተቀመጡ። መቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

«እኔን ብትመልሱ አንዲት ሴት መለሳችሁ» አለች ሻሽቱ። «የተገፋችው ዲሪቤ ናት። ጋሼ ሰማን እሷን ይለምኑ።»

በማግስቱ ሰማን እንደ አገሩ የይቅርታ ልማድ እርጥብ ሳር ይዞ ዲሪቤ ደጅ ቆመ። ያ ለሹም እንኳ አንገቱን የማይደፋ ሰው! እኔ ከኋላው ቆሜ አየሁ።

«እትዬ ዲሪቤ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። በዕድሜ ልጁን ነው የምታህለው።

ዲሪቤ ሳሩን ተቀበለችው። ከዚያ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ አሳቀፈችውና «በመጀመሪያ የት እንደሚያስተኙት ያሳዩኝ» አለችው።

የገበያ ቀን ነበር። ሰማን ሕፃኑን ታቅፎ ገበያውን መሃል ለመሃል አቋረጠ። ጨው የሚሸጠውም ማር የሚገዛውም ቆሞ አየው። ሴቶቹ ከየመንገዱ እየወጡ ተከተሉት፤ ሻሽቱም ከሁሉ ኋላ መጣች። ሰማን ከመጋዘኑ አጠገብ ታላላቅ ነጋዴዎች የሚያርፉበትን የእንግዳ ክፍል ከፈተና ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛው። ቁልፉን ለሻሽቱ ዘረጋላት።

ቁልፉን አገላብጣ አየችው። ሁላችንም ዓይን ዓይኗን አየን።

«ቶሌ» አለች።