በወንድ በኩል የተቆለፈው ኮት

ቂም የያዝኩበትን ሰው ስሙን አልጽፍም። አክብሬው አይደለም፤ በእኔ ብዕር ስሙ እንዲቆይለት ስለማልፈልግ ነው። መምህሩ እያልኩ እጠራዋለሁ፤ እሱም ይበዛበታል።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ልብስ ስፌት ደግሞ የተማርኩት በመተርተር ነው። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ፣ ከወልድያ እስከ ሐራ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ መስፋት ይችል ይሆናል። ሌላ ሰው፣ ያውም በሌላ አገር፣ የሰፋውን ተርትሮ ሰፊው ምን አስቦ እንደነበር የሚናገር ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይህን ይጽፋል።

ወጣት ሳለሁ ሰልባጅ ከደሴ በመኪና ይመጣ ነበር። ገበያው የሚሻማው በወንድ ሱሪና በሹራብ ላይ ነው። የአሜሪካ ሴቶች ቀሚስ ማንም አይፈልገውም፤ ወይ ያጥራል፣ ወይ ይጠባል፣ ወይ ጀርባው ክፍት ነው። እኔ እሱን ለቅሜ እገዛና በምላጭ እያንዳንዱን ስፌት እፈታለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አንጥፌ ዙሪያውን በእርሳስ እስላለሁ። ሰው አብዷል ይለኝ ነበር። እናቴ ራሷ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሰው የተሰፋ ይለብሳል፣ የኔ ልጅ የተሰፋ ያፈርሳል እያለች ለጎረቤት ታወራብኝ ነበር።

አንድ ቀን የፈታሁት ቀሚስ ወገቡ በሁለት እጄ መዳፍ የሚያዝ ነበር። በገበሩ ውስጥ ከብብት እስከ ዳሌ ቀጫጭን የብረት ሽቦ ተሰክቶበታል። ከሥሩ ደግሞ እንደ ወንፊት የደረቀ ጁፖን፣ የውስጥ ጉርድ ማለት ነው፣ ነበረው። ይህን የለበሰች ሴት ጎንበስ ብላ ከመሬት ዕቃ ማንሳት እንደማትችል ከሽቦው አወቅሁ። ግን ከዚያው ቦንዳ ውስጥ፣ ጨርቁ ከቀሚሱ ያረጀ፣ ጉልበቱ ላይ ድርብ የተሰፋ የሴት ሱሪ አወጣሁ፤ ጎኑ ላይ ዘይት የነካው ሰፊ ኪስ አለው። ሱሪው ከቀሚሱ ይቀድማል ማለት ነው። ሴት ልጅ አንዴ ሱሪ ከለበሰች በኋላ ማን መልሶ ሽቦ ውስጥ አስገባት? እንቅልፍ ነሳኝ።

መልሱን ያገኘሁት በንጉሡ ዘመን ወልድያ ታስተምር ከነበረች አሜሪካዊት ነው። የሱሪዋ ዚፕ ተበላሽቶ ሰፊ ስታፈላልግ ወደ እኔ ተላከች። ጥያቄዬን ስነግራት በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብላ በተሰባበረ አማርኛ አጫወተችኝ። አያቷ በዕድሜዋ ሱሪ አልለበሰችም። እናቷ ወንዶቹ ለትልቁ የዓለም ጦርነት ሲዘምቱ ፋብሪካ ገባች፤ የፋብሪካው መኪና ቀሚስ ስለሚጎትት ሱሪ ታጠቀች። ወንዶቹ ሲመለሱ በቃሽ፣ ወደ ቤትሽ ተባለች፤ ያን ጊዜ ቀሚሱ ተንዘረፈፈ፣ ወገቡም ጠበበ። እሷ ራሷ ደግሞ ከጉልበት በላይ ያጠረ ጉርድ ለብሳ ከእናቷ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፋ ነበር።

እሷ ወሬውን ነገረችኝ፤ ሕጉን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። ሴት ሥራ ስትይዝ ልብሷ ይላላል፤ ከሥራ ስትባረር ወገቧ ይጠባል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ ትከሻቸው ላይ አውራ ጣቴን የሚያክል ስፖንጅ ያለባቸው የሴት ኮቶች በሰልባጅ መምጣት ሲጀምሩ፣ ሌላው ሰፊ ስፖንጁን አውጥቶ ጣለው። እኔ ግን ገና ሳየው የአሜሪካ ሴቶች ቢሮ ገብተው ከወንድ እኩል ወንበር ላይ መቀመጥ እንደጀመሩ ለጎረቤቶቼ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ አንድ ነጋዴ ልክ መሆኔን መሰከረልኝ።

እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳጥን ወረቀት ሞላሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጦርነቱ መርሳ በደረሰ ጊዜ የስፌት መኪናዬም፣ ካውያዬም፣ መጋረጃዬም ሳይቀር ተወሰደ። ወረቀቶቼን የነካቸው የለም። እነሱን ለመስረቅ የተማረ ሰው ያስፈልግ ነበር።

እሱም መጣ። መምህሩ አዲስ አበባ የልብስ ዲዛይን የተማረ፣ ወልድያ ላይ በአንድ የስፌት ማሠልጠኛ ሴቶችን የሚያስተምር ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዝናዬን ሰምቶ መርሳ ድረስ ወረደ። ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጠ፤ ከቤቴ በላ፣ አባባ አለኝ፣ እጄን ሳመ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ ጠያቂ አግኝቼ አላውቅም። ስለ ሽቦው ነገርኩት፣ ስለ ስፖንጁ ነገርኩት። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ በስልኩ አነሳ። ስሜን ከነአባቴ እንደሚጽፍ ምሎ ሄደ።

መንፈቅ አለፈ። ከእኔ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ወጣት፣ እዚያው ማሠልጠኛ ገብታ ነበርና፣ አንድ ቀን ስትመለስ በረንዳዬ ላይ ቆመች።

“አባባ፣ መምህራችን የአሜሪካ ሴቶች አለባበስ ታሪክ ብሎ የሚያስተምረን የእርስዎን ወሬ ነው” አለች። “ሽቦዋን እንኳ አልቀየራትም።”

ስሜን ይጠራ እንደሆነ ጠየቅኳት። አንድም ቀን ጠርቶት እንደማያውቅ፣ ግድግዳው ላይም የወረቀቶቼ ፎቶ ተለጥፎ ከሥሩ የራሱ ስም እንዳለ ነገረችኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወልድያ ወጣሁ። ክፍሉ በር ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ልጄ ስሜን ረሳኸው እንዴ አልኩት። ለብቻው ጠርቶ ይቅርታ ቢለኝ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሱ ግን ወደ ሴቶቹ ዞሮ ጮክ ብሎ መለሰልኝ።

“አባባ፣ እርስዎ ጨርቅ ተረተሩ እንጂ ጥናት አላጠኑም። ያጠናሁት እኔ ነኝ።”

ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ። ያን ሳቅ እስከ መርሳ ይዤው ወረድኩ፤ አሁንም አልጠፋብኝም።

ከመውጣቴ በፊት ግን ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ። ባለ ስፖንጁን የሴት ኮት ከእኔ ወረቀት ቀድቶ በካርቶን ቆርጦታል። ሴቶቹ ለምረቃቸው የሚለብሱትን ኮት እያንዳንዳቸው በዚያ ካርቶን ሊቆርጡ ነው። እዚህ ላይ የእኔን አሠራር ማስረዳት አለብኝ። እኔ የተተረተረውን ቁራጭ ወረቀቱ ላይ የማነጥፈው ፊቱን ወደ ታች አድርጌ ነው፤ የድሮው ስፌት መስመርና የመርፌው ቀዳዳ ደህና የሚታየው በጀርባው በኩል ስለሆነ። ስለዚህ ወረቀቴ ልክ በመስታወት እንደሚታይ ፊት ነው፤ ቀኙ ግራ ይሆናል። እኔ ልቆርጥ ስል ወረቀቱን ገልብጬ ነው የምጠቀመው። ለዚህም ማስታወሻ ጥግ ላይ ትንሽ ግማሽ ጨረቃ እስላለሁ። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንደሚያውቀው የሴት ኮት ቀኙ በግራው ላይ ይቆለፋል፤ የወንድ ደግሞ ግራው በቀኙ ላይ። መምህሩ ወረቀቴን ሳይገለብጥ እንዳለ ነበር ያስቆረጠው። ሴቶቹ ሁሉ በወንድ በኩል የሚቆለፍ ኮት ሊሰፉ ነው።

ጨረቃዋ ምን እንደሆነች ሦስት ቀን ሙሉ አንዴ እንኳ አልጠየቀኝም ነበር። አፌን ልከፍት ነበር፤ ዘጋሁት።

ያችን ወጣት ጎረቤቴን በሌላ ቀን፣ እንደዋዛ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ተቀዷል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በሚመጣው ሳምንት ነው አለች። ጨርቁ ግራጫ ሱፍ እንደሆነ፣ እሷ የራሷን የገዛችው የእናቷን በግ ሸጣ እንደሆነም ነገረችኝ። የቁልፍ ቀዳዳ አንዴ ከተቀደደ አይመለስም። ስፌት ይፈታል፤ ቀዳዳ ግን አይፈታም። ይህን እያወቅሁ በርቺ ልጄ አልኳት፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በዕድሜዬ ካየኋቸው ሁሉ ጣፋጮቹ ነበሩ። ለራሴ አዲስ ኮት ሰፋሁ። ስሰፋም መምህሩ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ነበር።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የተመራቂ ቤተሰብ፣ ነጋዴ፣ የወልድያ ልብስ ሰፊዎችም ተጋብዘዋል። ሴቶቹ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ትከሻቸው በስፖንጅ ተነስቶ፣ በሰልፍ ገቡ። አማረባቸው፤ የኔ ኮት ነውና እንዴት አያምርባቸው። ሁሉም ግራው በቀኙ ላይ ተቆልፏል። ከእንግዶቹ ማንም ልብ አላለም። መምህሩ ስለ አሜሪካ ሴቶች ሲናገር የእኔን ሕግ ቃል በቃል አለው፤ ሥራ ስትይዝ ይላላል፣ ስትባረር ይጠባል። ተጨበጨበለት።

ጥያቄ ያለው ተባለ። ተነሳሁ።

“መምህር፣ የሴት ኮት በየት በኩል ነው የሚቆለፈው?”

ይህን ሕፃን ያውቀዋል በሚል ፊት ቀኙ በግራው ላይ ነው አለ።

“እስቲ ወደ ተማሪዎችህ ዞር በል።”

መጀመሪያ የገባቸው ሰፊዎቹ ናቸው። አንዱ ከኋላ ወንበር፣ ኧረ እነዚህን ሴቶች ወንድ አድርጎ ሰፍቷቸዋል ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈነዳው። መምህሩ አየ፣ ቀላ፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ናቸው ገልብጠው የቆረጡት አለ። ሴቶቹ ላይ አላከከ። እዚህ ላይ ያዝኩት። ከክፍሉ አምጥቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ወደለጠፈው የወረቀቴ ፎቶ በምርኩዜ አመለከትኩ።

“ወረቀቱ ያንተ ከሆነ፣ ጥግ ላይ ያለችው ጨረቃ ምን ማለት ናት?”

እሱም ወደ ፎቶው ዞረ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጨረቃዋን ፈለገ። ደግሜ ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። ከኋላ አይሰማም፣ ከፍ አድርገው አልኩት። አላውቅም አለ፣ ከፍ አድርጎ። የማን ወረቀት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ የእሳቸው ነው ብሎ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። አገጭ ስም አይደለም አልኩት። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እያንዳንዱን ፊደል አስጠራሁት። ያን ጊዜ ነው የዚያ ክፍል ሳቅ ከጆሮዬ የወጣው ብዬ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል እውነት ነበር።

ሰው ሲበተን ጎረቤቴ ኮቷን እንደለበሰች መጣች። ሌሎቹም ከኋላዋ ቆሙ።

“አባባ፣ ቀዳዳው ሳይቀደድ ያውቁ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“እኔን ስለ ቀዳዳው ሲጠይቁኝም?”

ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለኝም፣ ጉዳዬ ከእሱ ጋር ነው አልኳት። እሷም በጓ የእሱ እንዳልነበረች ነገረችኝ።  ኮቶቹን መርሳ አምጡልኝ፣ ቀዳዳው እንዳይታይ አድርጌ፣ ክፋይ ጨርቅ ደርቤ፣ ወደ ሴት በኩል እመልሳቸዋለሁ አልኩ። እችላለሁም። በዚህ አገር ይህን የሚችል ሌላ የለም።

እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ፣ በዕድሜ ጠና ያለችው፣ ቁልፏን ከላይ እስከ ታች ቆለፈች።

“አይ አባባ፣ ይቅርብን። የእርስዎ አሜሪካዎች ስፖንጅ የሰኩት ከወንድ ወንበር ለመድረስ አይደል? እኛ ደግሞ በቁልፉ ደርሰናል።”

ሳቁ፤ ይህኛው ሳቅ ግን በማን ላይ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ኮታቸውን እንደለበሱ ወደ ከተማው ወጡ።

መምህሩ በዚያው ክረምት ወልድያን ለቅቆ ሄደ። ደሴ ነው አሉ፤ የትም ይሁን። ስሜን ያስጠራሁበትን ቀን እስኪሞት አይረሳውም፤ ዱዓዬም እንዳይረሳው ነው። ሰዎች ይቅር በል ይሉኛል። ይቅርታ የሚለምን ሰው ይምጣና ያን ጊዜ አስባለሁ።

ሴቶቹ ግን ተሰባስበው ወልድያ ላይ አንድ የስፌት ቤት ከፈቱ። የመጀመሪያ ሥራቸው ያው ግራጫ ኮት ነበር። የባንክ ሠራተኛ አሰፋች፣ መምህርት አሰፋች፣ ከሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠሩ ሴቶች መጥተው አሰፉ። ሁሉም የሚያዙት በወንድ በኩል እንዲቆለፍ ነው። አሁን በመርሳ መንገድ በገበያ ቀን ስቀመጥ ከሚያልፉት አምስት የሴት ኮት አራቱ ግራው በቀኙ ላይ ነው። ይህን ፋሽን ማን አመጣው ሲባሉ እኛ ነን ይላሉ። እኛ! ወረቀቱ የእኔ፣ ስህተቱ የመምህሩ፣ ዝምታውም የእኔ ነበር፤ እነሱ የጨመሩት መቆለፉን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ጎድሏቸዋል። የሚሰፉት ኮሌታ ሁለት ሳምንት ሳይለበስ ጫፉ ወደ ላይ ይገለበጣል። ለምን እንደሚገለበጥ ከበረንዳዬ ላይ፣ መነጽር ሳላደርግ አየዋለሁ። ባለፈው ጎረቤቴ ከወልድያ ስትመለስ ጎራ ብላ፣ አባባ ይህን ኮሌታ ምን ብናደርገው ይሻላል አለችኝ። ወንበር ሰጠኋት፣ ስለ ጤናዋም ጠየቅኳት። ከዚያ በስፌት ቤታቸው በር ላይ፣ ከስማቸው ከፍ አድርገው ስሜን ከነአባቴ እንዲጽፉ፣ ያኔ እንደምነግራት አስታወቅኋት።

“ከስማችን ጎን ብንጽፈውስ?” አለች።

“ከፍ አድርጋችሁ።”

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች፤ ደህና ይዋሉ ብላኝ ሄደች። ይህ ከሆነ ሦስተኛ ወሩ ነው። እሷም አልጻፈችም፣ እኔም አልነገርኳትም። ኮሌታው አሁንም ይገለበጣል።